ስሙ ከላይ፣ ማኅተሙ ከሥር

በአገራችን «ቤልጅግ» የሚለውን ስም ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ሽማግሌዎች ስለ ጠመንጃ ሲያወጉ ውጅግራ፣ አልቤን፣ ምንሽር እያሉ ሲቆጥሩ ቤልጅግን ሳያነሡ አያልፉም። ስሙን ያገኘው ከተሠራበት አገር መሆኑን መቸም ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ያ ቤልጅግ ግን የጦር ሜዳ ጠመንጃ ነው። በዚህ ሳምንት የማወጋችሁ ስለ ሌላው፣ ማለትም ስለ ባለ ሁለት አፈሙዙ የአደን ጠመንጃ ነው። ይህኛው ለወፍና ለጥንቸል አደን የተሠራ ስለሆነ፣ በአንድ ትልቅ እርሳስ ፈንታ እንደ ማሽላ ፍሬ የደቀቁ ብዙ የእርሳስ እንክብሎችን ይበትናል። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠሩትን እነዚህን ጠመንጃዎች ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ፈልገው የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው።

«ለመሆኑ ደመወዜ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ለማይተርፈው ለእኔ ጠመንጃ መሰብሰብ ምኔ ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ከጥቂት ወራት በፊት እንደዚሁ እል ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ ከአንድ አብሮ አደጌ የመጣ ደብዳቤ ነው።

ይህ ወዳጄ በአሜሪካ አገር የሚኖር ሠርቶ አዳሪ ነው። አንድ ቅዳሜ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አይቶ የሁለት ሳምንት ደመወዙን አውጥቶ ገዛው። ነጋዴው «ይህ የታወቀ የእንግሊዝ ሥራ ነው፤ ለሚያውቅ ሰው ብትሸጠው አሥር እጥፍ ያወጣልሃል» ብሎታል። በእርግጥም በጠመንጃው ጎን ላይ ባማረ የቅርጽ ጽሕፈት «ደብልዩ ሪቻርድስ» የሚል ስም አለ። ወዳጄ ስድስት ፎቶግራፍ አንሥቶ ላከልኝና «አንተ የታሪክ መምህር ነህ፤ ዕድሜውንና ዋጋውን መርምርልኝ። ትርፉ ለእኅቴ የኮሌጅ ክፍያ ይሆናል። ከመሸጤ በፊት ግን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ቀን ለወፍ አደን ይዤው እወጣለሁ። ከሱቅ የገዛሁትን ጥይት ብሞክረው ልክክ ብሎ ገባ» ብሎ ጻፈልኝ።

ይህችን «ልክክ ብሎ ገባ» የምትለዋን ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማነሣቸው ዓመቶችም የእኛ መሆናቸውን ካልገለጽሁ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የቤልጅግ ጠመንጃ ነገር ሲነሣ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት የሊዬዥ ከተማ ነው። ሊዬዥ በምሥራቅ ቤልጅግ፣ በሜዝ ወንዝ ዳር የተቆረቆረ አሮጌ ከተማ ሲሆን፣ በአካባቢው የድንጋይ ከሰልና የብረት ማዕድን ይገኝ ስለነበር ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በብረት ሥራ የታወቀ ነው። አንድ ጠመንጃ በዚያ ከተማ የሚሠራው በአንድ ፋብሪካ ጣራ ሥር አልነበረም። ነጋዴው ትእዛዝ ይቀበላል፤ አፈሙዙን አንዱ ባለሙያ በመንደሩ ይቀጠቅጣል፤ መክፈቻና መዝጊያውን ሌላው በቤቱ ይሞርዳል፤ ሰደፉን እንጨት ጠራቢው ያለዝባል፤ አበባውንና ወፉን ቅርጽ አውጪው ይቀርጻል። በመጨረሻ ሁሉ ነገር ተሰብስቦ ወደ ነጋዴው ይመለስና ጠመንጃ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ሊዬዥ ለሀብታሙም ለድኻውም፣ ለአፍሪካም ለደቡብ አሜሪካም እንደየኪሱ የሚሆን ጠመንጃ ታወጣ ነበር።

እንግዲህ አንድ ጠመንጃ በብዙ እጅ የሚያልፍ ከሆነ፣ በመጨረሻ «ደኅና ነው» ብሎ ኀላፊነቱን የሚወስድ ማን ነው? በ1672 የሊዬዥ ገዥ የነበሩት የባቫርያው ልዑል ጳጳስ ማክሲሚልያን ሄንሪ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ትእዛዝ አወጡ። አፈሙዝ ሁሉ ከመሸጡ በፊት በአደባባይ እንዲፈተንና ማኅተም እንዲመታበት አዘዙ። ፈተናው ቀላል ነው፤ ጠመንጃው በተራ ጊዜ ከሚጎርሰው የበለጠ ባሩድ አጉርሰው ይተኩሱታል። ከፈነዳ በዚያው ይቀራል፤ ከጸና ማኅተሙን ያገኛል። ሊዬዥ በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ጊዜ ናፖሊዮን በታኅሣሥ ወር 1810 ባወጣው ድንጋጌ ይህንን ፈተና አጽንቶታል። ነጻይቱ ቤልጅግም በ1888 ሕግ አውጥታ የፈተናውን ቤት ሥልጣን እንደገና አደላድላለች። የፈተናው ቤት ዛሬም በሊዬዥ አለ።

በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ የማኅተምን ነገር ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ደብዳቤው ምንም ያህል ቢያምር፣ ቃሉ ምንም ያህል ቢጣፍጥ፣ መዝገብ ቤቱ የሚያየው ቁጥሩንና ማኅተሙን ነው። የአሮጌ ጠመንጃም መርማሪ እንደዚሁ ነው። ከላይ የተጻፈውን ስም ትቶ ከሥር የተመታውን ማኅተም ይፈልጋል።

ማኅተሙ የሚገኘው ጠመንጃው ለብሶ ሳለ በማይታይ ቦታ ነው። ባለ ሁለት አፈሙዙ ጠመንጃ መካከሉ ላይ ተሰብሮ የሚከፈት ነው። በመጀመሪያ ተከፍቶ በሁለቱም ጎሬ ውስጥ ጥይት አለመኖሩ ይታያል። «ባዶ ነው ተብያለሁ» ማለት አይበቃም፤ በዐይን መታየት አለበት። ከዚያ በኋላ ግራ እጅ የሚይዘው የፊት እንጨት ይወልቃል፤ አፈሙዞቹም ከሰደፉ ይለያያሉ። አፈሙዞቹን ገልብጦ ከጥይቱ መጉረሻ ሥር ያለውን ጠፍጣፋ ቦታ የተመለከተ ሰው የጠመንጃውን የልደት ወረቀት አገኘ ማለት ነው።

እዚያ ላይ ከሁሉ በፊት የሚፈለገው እንቁላል የመሰለ ክብ ነው። በክቡ ውስጥ «ኢ»፣ «ኤል»፣ «ጂ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎች ከሥራቸው ከኮከብ ጋር ተመትተው ከተገኙ፣ ጠመንጃው በሊዬዥ ተፈትኖ ያለፈ ነው። የፊደሎቹ ትርጉም የሊዬዥ ፈተና ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ዐይን ወደ ክቡ ራስ ይሄዳል። ከጁላይ ወር 1893 ጀምሮ በክቡ አናት ላይ ዘውድ ተጨምሯል። ስለዚህ ዘውድ የሌለው ክብ ከዚያ ቀን በፊት የተመታ ነው፤ ዘውድ የጫነው በኋላ የተመታ ነው። በአንዲት ትንሽ ዘውድ ምክንያት አንድ ጠመንጃ ወደዚህ ወይም ወደዚያ ዘመን ይሄዳል።

ሁለተኛው ምልክት የመርማሪው ነው። ፈተናውን የተቆጣጠረው ሰው አንዲት ፊደል ይመታ ነበር። ከ1853 እስከ 1877 ድረስ ከፊደሏ በላይ ዘውድ ነበረ፤ ከ1877 ወዲህ ዘውዱ ቀርቶ በኮከብ ተተክቷል። እዚህ ላይ ጀማሪው እንዳይሳሳት! በክቡ ላይ ዘውድ ማለት ዘመኑ ወደ እኛ የቀረበ ነው ማለት ሲሆን፣ በመርማሪው ፊደል ላይ ግን ዘውድ ማለት ዘመኑ የራቀ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ፔሮን የሚባለው ነው። ፔሮን በሊዬዥ ገበያ አደባባይ የቆመ የድንጋይ ዓምድ ሲሆን የከተማይቱ የነጻነት ምልክት ነው። በ1467 የቡርጎኝ መስፍን ኃይለኛው ሻርል ከተማይቱን ድል ባደረገ ጊዜ ሕዝቡን ለማዋረድ ይህን ዓምድ ነቅሎ ወደ ብሩዥ ወሰደው። ለሊዬዥ የተመለሰው መስፍኑ ከሞተ በኋላ በ1478 ነው። የተነጠቀና የተመለሰ ሐውልት ምን ያህል እንደሚወደድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አስተማሪ አያስፈልገንም። የሊዬዥ ሰዎችም ይህንኑ ዓምድ አሳንሰው በጠመንጃዎቻቸው ላይ መቱት።

ከነዚህ ሌላ በአፈሙዙ ሥር ቁጥር ይገኛል። ወዳጄ በደብዳቤው «18.2 የሚል ተጽፎበታል፤ አንዱ ቁጥር ጠፍቶ ነው እንጂ ዓመተ ምሕረቱ መሆን አለበት» ብሎኝ ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ቁጥሩ የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት በሚሊሜትር ሲለካ ነው። የአደን ጠመንጃ «12 ቁጥር» ወይም «16 ቁጥር» ሲባልም ነገሩ ከሚዛን የመጣ ነው። አንድ ፓውንድ እርሳስ፣ ማለትም 454 ግራም ያህሉ፣ ለ12 እኩል ድቡልቡሎች ቢከፈል፣ አንዷ ድቡልቡል የምታልፍበት አፈሙዝ 12 ቁጥር ይባላል። ይህም 18 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው። ለ16 ቢከፈል ድቡልቡሏ ታንሳለችና አፈሙዙ ይጠባል፤ ለ20 ቢከፈል ደግሞ የባሰ ይጠባል። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል ማለት ነው። ትክክለኛ የዓመት ምልክት የመጣው በ1922 ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ለየዓመቱ አንዳንድ የላቲን ፊደል ተመድቦለታል።

አሁን ከፎቶግራፎቹ ያገኘሁትን ላስረዳ። ክቡ ዘውድ የለውም፤ እንግዲያስ ከ1893 በፊት ነው። የመርማሪው ፊደል በላይዋ ኮከብ አለባት፤ እንግዲያስ ከ1877 ወዲህ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1890 ባወጣው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የአገሩ ስም እንዲጻፍበት አዝዞ ነበር፤ ሕጉም በ1891 ሥራ ላይ ዋለ። በወዳጄ ጠመንጃ ላይ «ቤልጅየም» የሚል ቃል ስለሌለ፣ ወደ አሜሪካ የገባው ከዚያ በፊት ሳይሆን አይቀርም። የአሠራሩም መልክ ይህንኑ ይመሰክራል። ጥይቱ መሐል መሐሉን ተመትቶ የሚነድ ሲሆን፣ በግራና በቀኝ እንደ በግ ጆሮ የቆሙ ሁለት መዶሻዎች አሉት። ከዚያ ቀደም የነበረው፣ ፈረንሳዊው ሌፎሾ በ1835 ያወጣው ዓይነት፣ ከጥይቱ ጎን ትንሽ ሚስማር የወጣችበት ነበር። መዶሻው ከውስጥ የተሰወረበት ዓይነት ደግሞ ሁለት እንግሊዛውያን በ1875 ካወጡት ሥራ በኋላ እየተስፋፋ የመጣ ነው። ስለዚህ የወዳጄ ጠመንጃ በ1880ዎቹ አካባቢ በሊዬዥ የተወለደ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ታዲያ «ደብልዩ ሪቻርድስ» ማን ነው? በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ዌስትሊ ሪቻርድስ የሚባል ስመ ጥር የጠመንጃ ቤት አለ። በዚያ ስም የሚጠሩ ሌሎች እንግሊዛውያን ሠሪዎችም ነበሩ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ገዢ የእንግሊዝን ጠመንጃ እጅግ ያከብር ስለነበር፣ አስመጪ ነጋዴዎች በርካሽ የቤልጅግ ጠመንጃ ላይ የእንግሊዝን ስም የሚመስል ስም እያስቀረጹ ያስመጡ ነበር። «ደብልዩ ሪቻርድስ» አንዱ ነው። የታወቀውን ማንቶንን የሚያስመስሉም ነበሩ። ስሙ ፈጽሞ አንድ ዓይነት እንዳይሆን አንድ ፊደል ይለወጣል፤ ገዢው ግን ችኩል ስለሆነ ልዩነቱን አያየውም። እንደነዚህ ያሉት ጠመንጃዎች በየብረታ ብረት ሱቁ ለገበሬው በርካሽ ዋጋ ይሸጡ ስለነበር ዛሬም በብዛት ይገኛሉ፤ የሚገኝ ነገር ደግሞ ዋጋው ከፍ አይልም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ወዳጄም የከፈለው ገንዘብ ከሚገባው በላይ ነበረ።

እንዲህ ስል ግን የቤልጅግ ሥራ ሁሉ ተራ ነው እንዳይመስላችሁ። ኦጉስት ፍራንኮት እና ሌቦ ኩራሊ የሚሉት ስሞች ከእንግሊዝ ምርጥ ቤቶች ጎን የሚጠሩ ናቸው። ሄንሪ ፒፐር የሚባለው፣ በ1840 በጀርመን አገር ተወልዶ በሊዬዥ ሥራ ያቋቋመ ሰው፣ በፋብሪካ መኪና በመሥራት ስም አትርፏል። በሊዬዥ አጠገብ በኤርስታል በ1889 የተመሠረተው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ፋብሪካም ዛሬ ድረስ በዓለም የታወቀ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የአፈሙዙ ነገር ነው። በታወቁ የአሜሪካና የእንግሊዝ ቤቶች ስም ከወጡት ጠመንጃዎች ውስጥ የብዙዎቹ አፈሙዝ የተቀጠቀጠው በሊዬዥ አጠገብ ነው። በርካሹ የቤልጅግ ጠመንጃ ላይ የእንግሊዝ ስም ሲጻፍ፣ በውዱ የአሜሪካ ጠመንጃ ሥር ደግሞ የቤልጅግ ብረት ነበረበት!

ይህ አፈሙዝ የደማስቆ አፈሙዝ ይባላል። ሥራው በተለይ የሚታወቀው ከሊዬዥ በስተ ምሥራቅ በቬድር ወንዝ ሸለቆ፣ በኔሶንቮና በአካባቢው መንደሮች ነው። አንጥረኛው ቀጫጭን የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎችን ደራርቦ በእሳት ያዋህዳል፤ ያንን ስቦ ያቀጥነዋል፤ አግሎ እንደ ገመድ ያከርረዋል። የተከረሩትን ዘንጎች ጎን ለጎን አጣብቆ እንደ ጥብጣብ ያሳሳቸውና በቀጭን ዘንግ ላይ ዙሪያውን ይጠመጥማቸዋል። እናቶቻችን መሶብ ሲሰፉ አክርማውን እየጠመጠሙ ዙር በዙር ላይ እንደሚጨምሩት ማለት ነው። ከዚያም እንደገና እየጋለ፣ እየተቀጠቀጠ ዙሩ ከዙሩ ጋር ይዋሐዳል። በመጨረሻ ውስጡ ተሰርስሮ፣ ላዩ ተሞርዶ አሲድ ሲቀባ፣ ብረቱና አረብ ብረቱ የተለያየ ቀለም ስለሚይዙ እንደ ጥልፍ የሚመስል ሥዕል ብቅ ይላል። ይህንን ሥራ ያየ ሰው በመዶሻ የተሠራ ነው ብሎ ለማመን ይቸግረዋል።

ነገር ግን በዚህም ላይ ማታለል አልቀረም። በተራ ብረት ላይ የደማስቆን ሥዕል በአሲድ ወይም በቀለም ብቻ አስመስለው ያትሙ የነበሩ አሉ። ይህንን ለመለየት የፊት እንጨቱን አውልቆ ከሥሩ ያለውን ብረት ማየት ነው። እውነተኛው ደማስቆ ሥዕሉ ከብረቱ ጋር የተወለደ ስለሆነ በተሸፈነው ቦታም ይቀጥላል፤ ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ዐይን በማያይበት ቦታ ያቆማል። አፈሙዞቹንም አንጠልጥሎ በእንጨት ቀስ ብሎ መታ ማድረግ ጥሩ ነው። ደኅና ከሆኑ እንደ ደወል ያቃጭላሉ፤ ሁለቱን ያጣበቀው ብየዳ ከላላ ግን ድምፁ የተሰነጠቀ ጋን ድምፅ ይሆናል።

እንግዲህ «ልክክ ብሎ ገባ» ወደምትለዋ ቃል ልመለስ። የወዳጄ ጠመንጃ እውነተኛ ደማስቆ ነው። የተፈተነውም በጥንቱ ጥቁር ባሩድ ነው። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ጥይት ጭስ የሌለውን ባሩድ የጎረሰ ሲሆን፣ ይህ ባሩድ በጥቂቱ ብዙ ኀይል የሚሰጥ ነው። በሊዬዥ በዚህ በአዲሱ ባሩድ ተፈትኖ ያለፈ ጠመንጃ የአንበሳ ምስልና «ፒ» «ቪ» የሚሉ ፊደሎች ይመቱበታል። ወዳጄ በላከልኝ ፎቶግራፍ ላይ አንበሳ የለም። ከዚህም በቀር ጥቁር ባሩድ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ጥቀርሻ እርጥበት ይስባል፤ በመቶ ዓመት ውስጥ ዝገቱ በእነዚያ የብየዳ ዙሮች መካከል ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ ከውጭ ለሚያይ ዐይን አይታወቅም።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ ይልቅ ስውር ነው። የብዙዎቹ አሮጌ የአውሮፓ 12 ቁጥር ጠመንጃዎች የጥይት ጎሬ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ የዛሬው ተራ የአሜሪካ ጥይት 70 ሚሊሜትር ነው። «ረጅሙ እንዴት በአጭሩ ውስጥ ገባ?» ቢባል፣ የጥይት ርዝመት የሚለካው ከተተኮሰ በኋላ ነው። ሳይተኮስ አፉ ታጥፎ ስለሚዘጋ አጭር ሆኖ ይገባል። ሲተኮስ ግን የታጠፈው አፍ ሊዘረጋ ሲል ጎሬው አልቆ አፈሙዙ የሚጠብበት ቦታ ላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት የእርሳሱ መንገድ ይጠባል፤ የታፈነው ግፊትም ብረቱን መግፋት ይጀምራል። የተኳሹ ግራ እጅ ያለው ደግሞ ልክ ከአፈሙዙ ሥር ነው።

ይህንን እንዳነበብሁ ደብዳቤ ለመጻፍ አልቆየሁም፤ በዚያው ሌሊት ስልክ ደወልሁለት። «ጥይቱን አውጣ፤ በጠመንጃው አንድም ጊዜ እንዳትተኩስ» አልሁት። ሣቀብኝና «አንተ ደግሞ ፈሪ ነህ፤ መቶ ዓመት የኖረ ብረት ዛሬ ምን ይሆናል?» አለ። የጎሬውን ርዝመት እንዲያስለካ ለመንሁት። በሳምንቱ አንድ የጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ አስለካው፤ 65 ሆኖ ተገኘ። ጠጋኙም ወደ አፈሙዙ ውስጥ መብራት ሰዶ በግራው በኩል ዝገቱ የበላውን ጉድጓድ አሳየው። ከዚያ በኋላ ወዳጄ ስለ ወፍ አደን አላነሣብኝም።

ስለ ገንዘቡ ግን አነሣ። «እኔ እንግሊዝ ነው ተብዬ ገዛሁ፤ ስሙም በላዩ ላይ ተቀርጿል። እኔ እንደገዛሁት ብሸጠው ውሸቱ የእኔ ነውን? የእኅቴስ ክፍያ?» አለኝ። አንባቢ ሆይ፣ እውነቱን ለመናገር መልሱ ወዲያው አልመጣልኝም። እኅቱን አውቃታለሁ፤ የክፍያውም ጊዜ ደርሶ ነበር። በመጨረሻ «ነጋዴው አላወቀም ይሆናል፤ አንተ ግን አሁን አውቀሃል። ደግሞ የሚገዛህ ሰው የሚተኩስበት ቢሆንስ?» አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ነገ እደውልልሃለሁ» ብሎ ዘጋ።

የደወለው በሦስተኛው ቀን ነው። ጠመንጃውን አልሸጠውም። ከግድግዳ ሰቅሎታል፤ ከሥሩም በካርቶን ላይ እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፤ «ሊዬዥ፣ ከ1877 እስከ 1893 ባለው ጊዜ የተሠራ። ከላይ ያለው ስም የሠሪው አይደለም። አይተኮስበትም።» የእኅቱንም ክፍያ የሌሊት ሥራ ጨምሮ በሁለት ወር ላከ። እኔ ይህን ሳወራ እርሱን ለማመስገን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ምስጋና አይወድም። የነገሩን ዋጋ ለማሳየት ነው እንጂ።

በዚህ ሥራ መግባት ለሚፈልግ ሰው የምመክረው፣ አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳሉት ነው። በመጀመሪያ ሕጉ ይታወቅ። በአሜሪካ በ1968 የወጣው የአገሪቱ ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ ድረስ የተሠራውን ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ለይቶ ያየዋል፤ የየክፍለ አገሩ ሕግ ግን ሊለይ ስለሚችል መጠየቅ ይገባል። አንዲቱ ዘውድ ለሰብሳቢው ይህን ያህል የምትጠቅመው ለዚህም ነው። በአገራችን ደግሞ የጦር መሣሪያ ነገር በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1177 የሚተዳደር ስለሆነ፣ ከአያት የወረሰ ሰውም «አሮጌ ነው» ብሎ ዝም ከማለት ሕግ አስከባሪን ጠይቆ ፈቃዱን ማስተካከል አለበት። ሁለተኛ፣ የተገኘው ጠመንጃ በአሸዋ ወረቀት አይፈተግ። ሊያሳምር ብሎ የፈተገ ሰው ማኅተሙንና ሥዕሉን አብሮ ፈትጎ ይጥላል፤ ስስ ዘይት ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ ሊተኩስ የሚያምረው ሰው የአዋቂ ጠመንጃ ጠጋኝ ምርመራ ሳያገኝ አይሞክር።

ጠመንጃ መግዛት ለማይቻለን ለእኛ ደግሞ ደብተርና እርሳስ አለን። የሊዬዥ የጦር መሣሪያ ቤተ መዘክር የተከፈተው በ1885 ነበር፤ ዛሬ ስብስቡ በ2009 በተከፈተው በታላቁ ኩርሲዩስ ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል። ወደዚያ የመሄድ ዕድል የሚያገኝ ተማሪ ካለ ማኅተሞቹን በደብተሩ እየሣለ ይመለስ። እኔም ከፎቶግራፎቹ ገልብጬ የጀመርሁት ደብተር አለኝ፤ እስካሁን ስድስት ገጽ ሞልቷል።

ከደብተሬ ሁሉ የምወዳት ግን አንዲት ትንሽ ምልክት ናት። በወዳጄ ጠመንጃ አፈሙዝ ሥር፣ ከማኅተሙ ፈንጠር ብለው፣ ሁለት የላቲን ፊደሎች ተመትተዋል። በሊዬዥ አፈሙዝ የሚቀጠቅጡ አንጥረኞች የስማቸውን መነሻ ፊደሎች እንዲህ ከሥር ይመቱ ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። የዚህ ሰው ስም ግን ከእንጨት በታች ዋለ። ከላይ የሌላ ሰው ስም በአበባ ተከቦ ሲያብረቀርቅ፣ ብረቱን በእሳት ፊት ቆሞ ያከረረው ሰው ሁለት ፊደል ብቻ ከሥር አኑሮ ሄደ። ወዳጄ እነዚያን ሁለት ፊደሎች ትናንት በካርቶኑ ላይ እንደጨመራቸው ጽፎልኛል።